ኤሌክትሮላይት ምንድን ነው?

ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ጓደኛዬ ቤዛዊት ተራራ በሳይክል ወጥቶ ሲመለስ የጥቁር ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ነጭ ካርታ ይሣላል። በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጨው ነው። ቀምሼዋለሁ፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ኤሌክትሮላይት የምንለው አንዱ ይኸው ነው። ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች የሚሆን ማዕድን ማለት ነው። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ይለያያል። ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሥራቸው ምንድን ነው? ሶዲየም በብዛት ከሴል ውጭ ይኖራል፤ ፖታሲየም ውስጥ። የሴሉ ልባስ ላይ ያለው ፓምፕ እንደ ሚኒባስ ረዳት ነው፤ 3 ሶዲየም ያወርዳል፣ 2 ፖታሲየም ያሳፍራል። ሌት ተቀን። ነርቭ መልእክት የሚልከው በዚህ ልዩነት ነው። ጡንቻ እንዲኮማተር ደግሞ ካልሲየም ያስፈልጋል። ልብ በተለይ ለፖታሲየም ስስ ናት፤ ሲበዛም ሲያንስም ምቷ ይዛባል። ትርፉን ፖታሲየም የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ሙዝ ደግሞ ፖታሲየም አለው። ስለዚህ ኩላሊቱን የሚታመም ሰው «ሙዝ ብላ፣ ይጠቅምሃል» የሚለውን ምክር ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይቀበል።

ሌላው ሥራቸው ውኃን መያዝ ነው። ውኃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። ለረጅም ሰዓት እያላበው ውኃ ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው የደሙ ሶዲየም ይቀጥናል፤ ራስ ምታት ይጀምረዋል፣ ሲብስም ግራ ይጋባል።

ተቅማጥ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል፤ ውኃውም ጨውም አብረው ይወጣሉ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ የተሠራው ለዚህ ነው። ስኳር ለምን ገባበት? ለጣዕም አይደለም። አንጀት ውስጥ ስኳርና ሶዲየም በአንድ በር አብረው ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልሙጥ፣ ይበጠበጣል። ከጣና የተቀዳ ውኃ ከሆነ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ብዙ ቤት የማየው ስህተት ግን ፓኬቱን ከፍሎ በብርጭቆ በግምት መበጥበጥ ነው። ጨው ከበዛበት ልጁን ይጎዳል፤ ከቀጠነም የወጣውን አይተካም። የውኃው ልክ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል።

ለአንድ ሰዓት ሳይክልማ ውኃና ምሳ ላይ አንድ ሽሮ ይበቃል። ጓደኛዬ ግን ባለ ቀለሙን የስፖርት መጠጥ መግዛቱን አልተወም። «ስለሚቀዘቅዝ ነው» ይላል።