“አራት ኩንታል ነብር” እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስልክ የያዘ ሁሉ ነብር መመዘን ጀምሯል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሻይ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር “አራት ኩንታል የሚመዝን ነብር አለ እኮ!” የሚለኝ አይጠፋም። የከብት ባለሙያ ስለሆንኩ እንዳረጋግጥላቸው ነው። ቁጥሩን ሁሉም ይዟል፣ ስለ ሚዛኑ የሚጠይቅ ግን የለም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የማወራው ስለ እስያው ባለ መስመር ነብር ነው። የኛው ባለ ነጠብጣብ ሌላ እንስሳ ነው፤ ከስንት አንዱ ካልሆነ ለአንድ ኩንታልም አይቀርብ።

“389 ኪሎ የተመዘነ የዱር ነብር አለ፤ ስለዚህ ነብር አራት ኩንታል ይደርሳል።”

የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሃሲንገር የተባለ አዳኝ በሰሜን ሕንድ፣ ከሂማላያ ግርጌ አንድ ወንድ ነብር ገደለ። 857 ፓውንድ ተብሎ ተመዘገበ፤ 389 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ነብሩ ራሱ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። እስከዚህ ልክ ነው። ወሬኞቹ የሚዘሉት ቀጣዩን ነው፦ ነብሩ ከመገደሉ በፊት የጎሽ ጥጃ በልቶ ነበር። የበላው ሲቀነስ ቢያንስ 324 ኪሎ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። 324ቱም ቢሆን ግምት ነው እንጂ ሚዛን ያነበበው አይደለም።

ሆድ ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቁኝ። ለበዓል ገበያ የሚቀርብ በሬ ማታውን አሞሌ ይልሳል። ጠዋት ውሃ ሲያገኝ ቀና ሳይል ይጠጣል። ጎኑ ይነፋል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ደላላው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ “ድልብ ነው!” ይላል። አንድ ነጋዴ “የኔ ዓይን ሚዛን ነው፤ ይሄ በሬ አምስት ኩንታል ይሞላል” ብሎ ሙግት ገጠመኝ። በረት አሳደርነውና በማግስቱ ሳይበላ ሳይጠጣ ሚዛን ላይ አወጣነው። ለአራት ኩንታል እንኳ አምስት ኪሎ ፈሪ ሆነ። ሰውዬው ሚዛኑን ሰደበው።

ነብር አሞሌ አይልስም። ግን በአንድ ሌሊት ከ30 ኪሎ በላይ ሥጋ መብላት ይችላል። አዳኞች ደግሞ ነብሩን የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ ለማባበያ ያሰሩት ጥጃ አጠገብ ነው። እንግዲህ ጠግቦ ካልሆነ መቼ ሊመዘን ኖሯል?

“388.7 ተብሎ በነጥብ ከተጻፈማ ትክክለኛ ነው።”

ነጥብ ሰባቷ የመጣችው ፓውንዱ ወደ ኪሎ ሲቀየር ነው። የካልኩሌተር ሥራ ነች።

“ሳይንቲስት ከመዘነው በቃ።”

አይበቃም። ኔፓል ውስጥ በቺትዋን ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች ነብር አደንዝዘው ሲመዝኑ የያዙት ሚዛን 500 ፓውንድ ላይ ያበቃ ነበር፤ 227 ኪሎ መሆኑ ነው። ሳውራሃ ያሉት ወንድ ነብር የሚዛኑን መጨረሻ አለፈው። ሐቀኛው መልስ “ከ227 በላይ” ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ ኪሎ የሚጨምር ሰው ከኪሱ ነው የሚጨምረው። በኋላ እንደገና ሲመዘን 261 ኪሎ ወጣው። ይሄ እንግዲህ እጅግ ግዙፍ የሚባለው ነው። እዚያው ፓርክ የተመዘኑት ወንዶች አማካይ 235 ኪሎ ነው።

“ረጅም ከሆነ ከባድ ነው።”

በ1930 እ.ኤ.አ. ጂም ኮርቤት የተባለው ዝነኛ አዳኝ ሕንድ ውስጥ የገደለው የፓዋልጋር ነብር 10 ጫማ ከ7 ኢንች ተለክቷል። የተለካው ሜትሩ በጀርባው ጉብታና ስርጉዳት ላይ ተጋድሞ ነው። አፍንጫውና ጅራቱ ጫፍ ላይ ችካል ተክለው ቢለኩት ያጥር ነበር። ከርዝመቱ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማው ጅራት ነው። ክብደቱን ኮርቤት አልጻፈም። ኢንተርኔት ላይ ግን ኪሎው ሞልቶ ተርፏል።

“የሳይቤሪያው ምንጊዜም ከሕንዱ ይበልጣል።”

ከድሮ መዛግብት አስተማማኝ የተባሉት ተለይተው ሲሰሉ የሳይቤሪያዎቹ ወንዶች አማካይ 215 ኪሎ ገደማ ነው። በቅርብ ዘመን ሩሲያ ውስጥ በሕይወት ተይዘው የተመዘኑት ደግሞ 176 አካባቢ ናቸው። 384 ኪሎ የሚባለው ነብር ማረጋገጫ አልተገኘለትም።

አሁን ምክር። ቁጥር ስታዩ ከማጋራታችሁ በፊት ጠይቁ። ማን መዘነው? በምን ሚዛን? ሚዛኑስ ስንት ድረስ ያነባል? ሙሉ ነብሩ በአንድ ጊዜ ተሰቅሎ ነው ወይስ ተቆራርጦ? ሆዱ ባዶ ነበር? የዱር ነው ወይስ በአጥር ውስጥ እየተቀለበ ያደገ? የተቀለበውን ከዱሩ ጋር የሚያወዳድሩ ሰዎች ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ጽሑፍ ይገባቸዋል።

“እንግዲያው የድሮ አዳኞች ሁሉ ዋሾ ናቸው።”

ኧረ አይደሉም! ዳንባር ብራንደር የተባለው ብሪታኒያዊ የደን ሹም በመካከለኛው ሕንድ የመዘገባቸው 42 ወንድ ነብሮች አማካይ ክብደት 190 ኪሎ ነው። ሊያጋንን የፈለገ ሰው እንዲህ አይጽፍም።