ሦስት መቶ ድል

በአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ስንትና ስንት ወርዋሪ (ኳሷን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) አልፏል። በስሙ 300 ድል የተጻፈለት ግን 24 ሰው ብቻ ነው። ከስፖርት ቁጥሮች ሁሉ እንደዚህ የማከብረው የለኝም፤ አንድ ጥሩ ቀን ወይም አንድ ጥሩ ዓመት አያመጣውማ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ድሉ እንዴት እንደሚቆጠር እንይ። ቤዝቦል ውስጥ ድል ለቡድኑ ብቻ ሳይሆን ለወርዋሪውም ይመዘገባል። ጨዋታው 9 ኢኒንግ ማለትም 9 ዙር አለው። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ድሉ በስሙ እንዲያዝለት ቢያንስ 5 ኢኒንግ መወርወር አለበት፤ ሲወጣ ቡድኑ እየመራ መሆን አለበት፤ ከሱ በኋላ የሚገቡት ወርዋሪዎችም መሪነቱን እስከ መጨረሻው ማስጠበቅ አለባቸው። ቀኑን ሙሉ አሪፍ ሆኖ ቢውል እንኳ ጓደኞቹ ነጥብ ካላስቆጠሩለት ባዶ እጁን ይገባል።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። በየዓመቱ 15 ድል፣ ለ20 ዓመት። ያውም ትከሻና ክርን ሳይከዳ!

300 ላይ መጀመሪያ የደረሰው በ1888 ፑድ ጋልቪን ነው። ያኔ ወርዋሪዎች ያለ በቂ እረፍት ስለሚጫወቱና የጀመሩትን ራሳቸው ስለሚጨርሱ ድል ቶሎ ቶሎ ይጠራቀም ነበር። ሳይ ያንግ ከ1890 እስከ 1911 ተጫውቶ 511 ድል ሰበሰበ። ሁለተኛው ዋልተር ጆንሰን 417 ላይ ነው የቆመው። የያንግን ቁጥር ከእንግዲህ የሚነካው ያለ አይመስለኝም። ከግራ እጅ ወርዋሪዎች ቀዳሚው ዋረን ስፓን ነው፣ 363። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስት ዓመት ወስዶበት የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ25 ዓመቱ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ልቤን የሚነካው ግን ኧርሊ ዊን ነው። 1962ን በ299 ጨረሰ። አንድ ብቻ ቀረው። ቡድኑ ቺካጎ ዋይት ሶክስ አሰናበተው፣ አዲሱ ዓመት ሲጀመርም ቡድን አልነበረውም። በኋላ ክሊቭላንድ ወሰደው፤ ዕድሜው 43፣ ሪህ የሚያሠቃየው ሰው፣ እየሞከረ ያቺን አንዲት ድል እያጣ ቆየ። በጁላይ 13 ቀን 1963 ካንሳስ ሲቲ ላይ እንደምንም 5 ኢኒንግ ወርውሮ 5 ለ 4 እየመሩ ወጣ። ጄሪ ዎከር የሚባል ተቀያሪ ቀሪውን 4 ኢኒንግ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ዘጋለትና 7 ለ 4 አለቀ። ዊን ከዚያ በኋላ አላሸነፈም። ልክ 300።

ፊል ኒክሮ ደግሞ ሌላ ነው። የሚታወቀው ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ቆንጥጦ ይዞ ሳትሽከረከር በሚለቃት ውርወራ ነበር፤ ኳሷ ስለማትሽከረከር አየር ላይ ትዋልላለች፣ ወዴት እንደምትታጠፍ ማወቅ ለመቺውም ለተቀባዩም አስቸጋሪ ነው። ኑሮው የቆመው በሷ ላይ ነው። በ1985 መደበኛ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ በ46 ዓመቱ፣ ለያንኪስ ቶሮንቶ ላይ ሲጫወት ግን ያቺን ኳስ ሆን ብሎ ተዋት። የተጠቀመባት የመጨረሻው መቺ ላይ ብቻ ነው። 8 ለ 0 አሸንፎ 300 ሞላ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ቡድኖች አምስት ጀማሪ ወርዋሪ እያፈራረቁ ስለሚያጫውቱ አንዱ በዓመት ቢበዛ 33 ወይም 34 ጊዜ ነው የሚጀምረው። ወደ 100 ውርወራ ሲጠጋም ይቀየራል። ድል ራሱ እንደ መለኪያ ዋጋው ቀንሷል፣ እውነት ለመናገር በቂ ምክንያትም አለ፦ በ2018 የሜትሱ ጄኮብ ዲግሮም በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት 10 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ ተሸንፏል። ግን በሳይ ያንግ ስም የሚሰጠውን የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ወሰደ። ዳኝነቱ ትክክል ነበር። እንደዚያም ሆኖ አንድ ዓመትና 20 ዓመት አንድ አይደሉም፤ በ20 ዓመት ውስጥ ዕድል ይመጣል ይሄዳል፣ የሚቀረው ሥራው ነው። ከዚህ ዘመን ሰዎች የቀረበው ጀስቲን ቨርላንደር ከ260 በላይ ድል አለው፤ ግን የ1983 ልጅ ነው።

የመጨረሻው 300 የተመዘገበው የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን ነው፣ በጁን 4 ቀን 2009። ዝናብ ጨዋታውን በአንድ ቀን አስተላልፎት ነበር። የ45 ዓመቱ ራንዲ ጆንሰን ለሳን ፍራንሲስኮ 6 ኢኒንግ ወርውሮ 2 ለ 1 እየመሩ ወጣ። በ8ኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ ላይ (ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር የሚያልፍባቸው ማረፊያዎች ናቸው) የዋሽንግተን ሯጮች ቆሙ። የሚመታው አዳም ደን ነው፣ ኳስ ከሜዳ ውጭ በመላክ የታወቀ ጉልበተኛ። ጆንሰን ምንም ማድረግ አይችልም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ። የጆንሰን ቡድን ተቀያሪ ብራያን ዊልሰን ወረወረ፣ ዳኛው ሦስተኛ ስትራይክ አለ፤ መቺ ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት ይወጣልና ደን ወጣ። 5 ለ 1 አለቀ።