«ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት አባላት ለሚኒስትሮች የሚያቀርቡት የጽሑፍ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው በልማድ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። «ቀን የተቆረጠለት» በሚባለው ግን የመልሱን ቀን የሚወስነው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ጥያቄውን ከመልሱ ቀን ቢያንስ 2 የምክር ቤቱ የስብሰባ ቀናት አስቀድሞ ማስገባት አለበት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀን ከ5 በላይም አይፈቀድለትም።

ግራ የሚያጋባው ቀኑ ሲደርስ ነው። ሚኒስትሩ «በተቻለ ፍጥነት እመልሳለሁ» የሚል ጊዜያዊ መልስ ልኮ ጊዜ መግዛት ይችላል። ቀኑ ተከበረ፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው!

ሌላው ስህተት አድራሻው ላይ ነው። ኤምባሲ ስለሚነሳ ብቻ የቪዛን ጉዳይ ለውጭ ጉዳይ የሚጽፉ አሉ፤ ቪዛ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ስለሆነ ጥያቄው ወደዚያ ይዛወራል።