ቀስቱ አለ፣ ቀኑ ግን አልተነሳም፦ ስለ ታስክ ዲፔንደንሲ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የግንባታ ስኬጁል ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት አንዳንዴ ደግሞ በፕሪማቬራ። ሶፍትዌር የሚሠሩት ጓደኞቼ የቡድን ሥራ መከታተያ የሆነውን ጂራ ነው ሚጠቀሙት። ሁላችንም ጋር ግን አንድ ወሬ አለ፣ ታስኮቹን እርስ በርስ ካያያዝክ ሌላውን ሲስተሙ ይጨርሰዋል የሚል። ዲፔንደንሲ ማለት "ይሄ ሥራ ያኛውን ይጠብቃል" ብሎ ማሰር ነው፣ የፊተኛው ሲዘገይ የኋለኛው አብሮ እንዲገፋ። ችግሩ ሁሌ አይገፋም፣ ለምን እንደማይገፋ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም።

"ካገናኘሁት ቀኑ በራሱ ይቀየራል"

አንድ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሙሌት ሲሚንቶ ጠፍቶ 6 ቀን ተገፋ። ቀኑን ቀየርኩ፣ ሁለቱን ታስኮች የሚያያይዘው ቀስት ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ቀጥሎ ያለው ኮለን ግን ንቅንቅ አላለም። ሳላይ አትሜ ሳይት ላክሁት። ፎርማኑ ደውሎ "ኢንጂነር፣ ሶሌታው ሳይሞላ ኮለኑን ምን ላይ ነው የምናቆመው?" ሲለኝ ነው የገባኝ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት ምክንያቱም ፌሮ ሠራተኞቹ በዛ ቀን እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበር።

እውነታው ይሄ ነው፦ ከ2010 ቨርዥን ጀምሮ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት አዲስ ታስክ ስታስገቡ ካልቀየራችሁት በስተቀር "ማኑዋሊ ስኬጁልድ" አድርጎ ነው ሚይዘው፣ ማለትም ቀኑን የሚወስነው ሰው ነው። መጀመሪያ ስታገናኙት ቀኑን ሊያስተካክል ይችላል፣ ለዛ ነው ሰው የሚሸወደው፣ ከዛ በኋላ የፊተኛው ሲንሸራተት ግን ቀኑ ስር ቀይ የተወላገደ መስመር ከማሳየት ውጪ ምንም አያደርግም። ከታስኩ ጎን የፒን ምልክት ካያችሁ ማኑዋል ነው። ሁሉንም መርጣችሁ "አውቶ ስኬጁል" አድርጉት፣ ስክሪኑ ታች ላይ ደግሞ አዲስ ታስክ በየትኛው እንደሚገባ የሚያሳይ ጽሑፍ አለ፣ እሱንም እዛው ቀይሩት።

"ቀኑን ራሴ ብጽፈው ምን ችግር አለው"

አለው። አውቶ ታስክ ላይ እንኳን የመጀመሪያ ቀን በእጃችሁ ከጻፋችሁ ሲስተሙ "ከዚህ ቀን በፊት እንዳይጀምር" ብሎ ነው የሚረዳው። የፊተኛው ቢዘገይ ይገፋል፣ ቀድሞ ቢያልቅ ግን ወደኋላ አይመለስም፣ እና ያተረፋችሁት 4 ቀን ዝም ብሎ ባዶ ሆኖ ይቀራል። "በዚህ ቀን የግድ ይጀምር" ካላችሁትማ ዋናው ሴቲንግ ካልተነካ ዲፔንደንሲውን ራሱ ያሸንፈዋል። የጊዜ ገደብ ማስታወስ ከፈለጋችሁ "ዴድላይን" የሚል ለብቻው ቦታ አለው፣ እሱ ቀኑን አያስርም፣ ካለፈ ምልክት ብቻ ነው ሚያሳየው።

"ሲስተሙ ቀን መቁጠር አይሳሳትም"

እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው። ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ መያዣ) ከ7 ቀን በኋላ ይነቀል ተብሏል እንበል። ሁለቱን ታስኮች አገናኝታችሁ መሃል ላይ የ7 ቀን ላግ፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜ፣ ስታስገቡ ሲስተሙ የሥራ ቀን ነው የሚቆጥረው። ሐሙስ ማታ የተሞላ ሶሌታ፣ ካላንደሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሆነ፣ ነቀላው በቀጣዩ ዓርብ መጀመር ሲገባው ወደሚቀጥለው ማክሰኞ ይሄድባችኋል። አርማታ ግን እሁድም ይደርቃል። ለዚህ "ኢላፕስድ" የሚባል አቆጣጠር አለ፣ ቅዳሜና እሁድን ሳይዘል ሌት ተቀን የሚቆጥር፣ ማጠንከሪያና ማድረቂያ ነገር ሁሉ በሱ ነው መግባት ያለበት።

በዓል ደግሞ አለ። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ካላንደር በዓል የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሁሉንም እኛ ነን የምናስገባው። መስቀልን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 27 እንዲደጋገም ካደረጋችሁ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ያለው መስቀል 28 ላይ ይውላል፣ ጥምቀትም እንደዛው ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። ፋሲካና ኢድማ በየዓመቱ አይተን የምናስገባቸው ናቸው።

"ፕሪማቬራም እንደዛው ነው"

አይደለም። ፕሪማቬራ ብዙውን ጊዜ ኤፍ9 ተጭናችሁ ስኬጁል ካላስደረጋችሁት ቀኖቹን አያሰላም። በራሱ እንዲያሰላ የሚያደርግ ምርጫ አለው ግን ትልቅ ፕሮጀክት ላይ እኔ አልከፍተውም፣ በየለውጡ ማስላቱ ያዘገየዋል።

"ጂራ ላይ 'ብሎክስ' ብዬ ካገናኘሁ ያኛው ይታገዳል"

ሊንኩ ለብቻው ማንንም አያግድም፣ ሁለት ቲኬት (ጂራ ላይ አንድ ሥራ የሚመዘገብበት) ግንኙነት እንዳላቸው የሚናገር ጽሑፍ ነው። እንዲንቀሳቀስ ኦቶሜሽን ሩል፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ትዕዛዝ፣ መጻፍ አለበት፦ አንዱ "ዳን" (አልቋል) ሲሆን የታገደውን ፈልግና ስታተሱን ቀይር የሚል። እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። የአንዱን ቲኬት ሥራ ሁለት ቲኬቶች አግደውት ነበር፣ ሩሉ የመጀመሪያው እንዳለቀ ለቀቀው፣ ሥራውን የያዘው ልጅም የሚያስፈልገው ኤፒአይ (ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መንገድ) ሳይደርስ ጀምሮ ሁለት ቀን ደከመ። "የሚያግዱት ሁሉም ካለቁ" የሚል ኮንዲሽን መጨመር ነበረበት። ሌላው፣ አንድ ሩል የቀየረው ነገር ሌላ ሩል እንዲያስነሳ ከፈለጋችሁ ሁለተኛው ሩል ላይ ፈቃዱን መክፈት አለባችሁ፣ ካልተነካ ዝግ ነው፣ ሰንሰለቱ መሃል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በሱ ነው።

"አውቶማቲክ ከሆነ አፕዴት ማድረግ አያስፈልግም"

ሙሌቱ ትናንት መጀመር ነበረበት፣ አልተጀመረም፣ ማንም አልመዘገበም። ሲስተሙ ያለፈ ቀን ላይ ዜሮ ፐርሰንት አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ የተከተሉትንም አይነካም ምክንያቱም ምንም የሰማው ነገር የለም። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ "አፕዴት ፕሮጀክት" ውስጥ ያላለቀውን ሥራ ከዛሬ በኋላ አሸጋግር የሚል ትዕዛዝ አለ፣ ግን እሱም መጀመሪያ ትክክለኛው መረጃ መግባት አለበት። አሁን ፎርማኑ ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌግራም የተጀመረውንና ያለቀውን ከነቀኑ ይልክልኛል፣ እሱን አስገብቼ፣ አሸጋግሬ፣ የፒን ምልክት ያለበት ታስክ እንዳለ አይቼ ነው ለሰኞ የማትመው።