ኤሌና ባራኖቫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሩሲያ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ተወርቶ የኤሌና ባራኖቫ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ከስሟ ጋር ግን ብዙ የተዛባ ወሬም ይነሳል። እስቲ ጥቂቱን እናጥራ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«በ1992 ባርሴሎና ላይ ለሩሲያ ወርቅ አመጣች።»

ወርቁ እውነት ነው። ሩሲያ ግን በራሷ ስም ባርሴሎና አልነበረችም። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ዓመት እንኳን አልሞላም ነበር። ከ15ቱ የቀድሞ ሪፐብሊኮች የ12ቱ ስፖርተኞች «የተባበረው ቡድን» ተብለው አብረው ተወዳደሩ። በግል ላሸነፈ የሀገሩ ባንዲራ ይሰቀልለታል። በቡድን ላሸነፉ ግን የሚሰቀለው ባለአምስት ቀለበቱ የኦሊምፒክ ባንዲራ ነው፤ የሚዘመረውም የኦሊምፒክ መዝሙር። እናም የ20 ዓመቷ ባራኖቫ ወርቁን አጥልቃ ቀና ስትል ያየችው የየትኛውንም ሀገር ባንዲራ አልነበረም። የተወለደችውም ሩሲያ ውስጥ አይደለም። የትውልድ ከተማዋ ፍሩንዜ ናት፤ የዛሬዋ ቢሽኬክ፣ የኪርጊስታን ዋና ከተማ።

«የአሜሪካ ሴቶች በኦሊምፒክ ተሸንፈው አያውቁም።»

ይሄን የሚል ሰው አይፈረድበትም። እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ 61 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፉት ግን በዚያው ባርሴሎና፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ በእነ ባራኖቫ ቡድን ነው፤ 79 ለ 73። ከዚያ ቡድኑ ቻይናን 76 ለ 66 ረትቶ ወርቁን ወሰደ። እኛ ባርሴሎና ሲባል የደራርቱ 10 ሺህ ሜትር ነው ትዝ የሚለን፤ ይሄኛው አልፎን ሄዷል።

በኋላም ቢሆን ልዩነቱ የሚወራውን ያህል ሰፊ አልነበረም። ሩሲያ በ1998 እና በ2002 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ በአሜሪካ የተሸነፈችው በ6 እና በ5 ነጥብ ብቻ ነው።

«ረጅም ስለሆነች ሥራዋ ቅርጫት ሥር መቆም ነው።»

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ነው፤ ኳስ ታግድ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ትሰበስብ ነበር። ነገር ግን ወጣ ብላ ባለሦስት ነጥቡንም ትወረውር ነበር። ነፃ ውርወራዋን ተመልከቱ። ሰዓቱ ቆሟል፣ የሚከላከል የለም፣ ከቅርጫቱ ሰሌዳ አራት ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ብቻህን ነህ። ብዙ ረጃጅም ተጫዋቾች እዚህ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። እሷ በ2001 ማያሚ ሶል በተባለው የአሜሪካ ክለብ እያለች ከ100 ውርወራ 93ቱን በሚያስቆጥር ብቃት የአሜሪካውን የሴቶች ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤን መራች። አጫጭሮቹ ጋርዶች፣ ማለትም ከቅርጫቱ ርቀው ኳስ የሚያንቀሳቅሱት ተጫዋቾች፣ ሁሉ ከኋላዋ ነበሩ።

«አሜሪካ የሄደችው ብር ፍለጋ ነው።»

ሊጉ በ1997 ሲጀመር በዩታ ስታርዝ ማሊያ ተገኝታለች፤ እዚያ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሩሲያዊት ናት። ሆኖም ሊጉ የሚካሄደው በፈረንጆቹ በጋ፣ በእኛ ክረምት ነው። የአውሮፓው ውድድር በሌላው ወቅት ስለሚሆን ሁለቱንም መጫወት ይቻላል። ብሩ ደግሞ በኋላ በተቃራኒው ነው የፈሰሰው፤ የአሜሪካ ኮከቦች ወደ ሩሲያ ጎረፉ። በ2015 ዳያና ቶራሲ የአሜሪካውን ሊግ ሙሉ ወቅት ሳትጫወት አሳልፋለች። ምክንያቱም የየካተሪንበርጉ ክለቧ «እረፊ» ብሎ ከፍሏታል።