ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ከካህን ጥምጥም እስከ ካራቴ ቀበቶ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም።» ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ልጅ ሆኜ ከአያቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ትምህርት ቤትም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። በደንብ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ፒያሳ ካራቴ ስማር ነው። ለዚያውም ከተዘረፍኩ በኋላ።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። መጠምጠም ረዥም ጨርቅን እየደራረቡ ዙሪያውን መጠቅለል ነው። ጥምጥም ደግሞ ካህናትና ደብተራዎች ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ነጭ ሻሽ ነው። ድሮ ጠምጥሞ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ከመቀመጫ ይነሡለታል። ደብዳቤ ያስነብቡታል። ምክር ይጠይቁታል። ጨርቁ በራሱ ምንም አይደለም። ክብሩ የመጣው ከጨርቁ ሥር ካለው እውቀት ነው።

ወደዚያ ጨርቅ የሚያደርሰው መንገድ ረዥም ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ውሻ ያባርረዋል። ብርድ ይመታዋል። ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ እያለ ዓመታት ይቆጥራል። ሲጨርስም ዝም ብሎ «ጨረስኩ» አይልም። ድጓ የሚባለውን ዜማ የተማረ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉትን ዜማዎች የተማረ ዙር አምባ ይወጣል። ማስመስከር ማለት የተማሩትን በመምህር ፊት ማሳየት ነው። እዚያ ማንም ሻሽህን አያይም። የሚፈርደው ጆሮ ነው።

ይህን ሁሉ ከመልፋት ሻሽ ገዝቶ መጠምጠም ይቀላል። ምሳሌው የሚናገረው ይህን አቋራጭ ለመረጠ ሰው ነው። ጠምጥሞ ከሊቃውንቱ መሐል ይቆማል። ተራው ደርሶ «እስቲ ተቀኝ» ሲባል አፉ ይያዛል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምሳሌው «አትጠምጥም» አይልም። «ይቅደም» ነው የሚለው። ጥምጥሙን አይንቅም፤ ተራውን ነው የሚነግረው። ብዙ ሰው ይህችን ምሳሌ ሌላውን ለማሳፈር ሲጠቀምባት እሰማለሁ። አዲስ የተሾመ ልጅ ሲሳሳት፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሲጋጭ ትወረወራለች። ለእኔ ግን ስድብ አይደለችም። የቅደም ተከተል ምክር ናት።

አሁን ወደ ካራቴ ልምጣ። የካራቴ ቀበቶም ወገብ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነው የሚታሰረው። ካራቴ በተወለደባት በኦኪናዋ ግን በቀለም የሚለይ የደረጃ ቀበቶ አልነበረም። ዳን የሚባለውን ደረጃ ያመጣው የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ነው። ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ የወሰደው ጊቺን ፉናኮሺ ይህን ሥርዓት ከካኖ ወስዶ ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ፉናኮሺ የተወለደው ደግሞ በ1868 ነው። ቁጠሩት። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ50 አልፏል። ኦኪናዋ እያለ የተማረውን ሁሉ የተማረው ያለ ደረጃ ቀበቶ ነው።

የእኔ ተገላቢጦሽ ነበር። ከጥቁሩ በፊት ያለው ቡናማ ቀበቶ ደርሻለሁ። በክለቦች ውድድር ሜዳሊያ አግኝቻለሁ። ሰፈር ውስጥ «ካራቲስቱ» ይሉኛል። አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱ ያኔ እንዳሁኑ ሰፊና በመብራት የደመቀ አልነበረም። አንድ ልጅ ከፊት ለፊቴ መጥቶ «ብሮ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ ክንድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሀንግ አደረጉኝ።

የዚያ ጃኬት እጅጌ የሲጋራ ሽታ እስካሁን አይረሳኝም። እግሬ የለመደው ርቀት መጠበቅ ነው። ርቀት የሚባል ነገር የለም። እጄ የለመደው ፈጥኖ ነክቶ መመለስ ነው። የምመታው ሰው ከፊቴ የለም። «ሀጂሜ» ብሎ የሚያስጀምር፣ «ያሜ» ብሎ የሚያስቆም ዳኛም የለም። ዓይኔ ጨለመ። ራሴን ሳውቅ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ስልኩም የኪስ ቦርሳውም ሄዷል።

የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለውን ዘራፊ «ማጅራት መቺ» ይለዋል። ይህን ስም ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ማጅራት ከኋላ ነው ያለው። ይህ ሰው ከፊት ቆሞ፣ እጅ ነሥቶ፣ እስክትዘጋጅ ጠብቆ አይመጣብህም። ከተማው ይህን አውቆ ስም አውጥቶለታል። እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ አድጌ የተለማመድኩት ከፊት ለሚመጣ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ለአሰልጣኛችን ነገርኳቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «እንኳን ተረፍክ ልጄ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ቀበቶውን ያሰርኩልህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። ምሳሌዋን ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ተናጋሪው ራሱን ጨምሮ ሲናገራት ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ከዚያ ካታ አሠሩኝ፤ ካታ ብቻህን በቅደም ተከተል የምትሠራው የምትና የመከላከል እንቅስቃሴ ነው። ለዓመታት የሠራሁትን ካታ። በካታ ውስጥ አንዱ እጅ ሲመታ ሌላው ተጨብጦ ወደ ወገብ ይመለሳል። ሂኪቴ ይባላል። ለምን እንደሚመለስ ጠይቄ አላውቅም። ጡጫዬ ወገቤ ላይ በትክክል ካረፈ ይበቃኝ ነበር። «ያዘኝ» አሉኝ። የጃኬታቸውን ኮሌታ ጨበጥኩ። መዳፋቸውን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፈው ያዙኝ። ከዚያ ጠምዘዝ አድርገው ወደ ወገባቸው ሳቡኝ፤ ልክ በካታው እንዳለው። ክርኔ ተዘረጋ። ትከሻዬ ወረደ። ክብደቴ ሁሉ የፊት እግሬ ጣቶች ላይ ወደቀ። ሌላው ቡጢያቸው ከአገጬ ሥር አንድ ጣት ሲቀረው ቆሟል። «ይህ እጅ ባዶውን አይመለስም። ሰው ይዞ ነው የሚመለሰው» አሉኝ። በዓመታት ውስጥ ሺህ ጊዜ የሳብኩት አየር ነበር ማለት ነው።

ካራቴ ከመነሻው የታሰበው ለእንዲህ ያለው ቅርብ ግብግብ ነው። የፉናኮሺ መምህር አንኮ ኢቶሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ካራቴ በጻፈው ባለ10 ነጥብ ደብዳቤ ይህን ገልጾታል። ካራቴ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ለመፎካከር አይደለም ይላል በሐሳቡ፤ ድንገት ወንበዴ ሲገጥምህ በእጅና በእግርህ ከጉዳት ለማምለጥ ነው።

ስፖርቱን መንቀፌ አይደለም። እወደዋለሁ። ጓደኞቼ አሁንም ይወዳደራሉ፤ ሄጄ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እደግፋቸዋለሁ። ግን ስፖርት የራሱ ቤትና የራሱ ሕግ አለው። በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ሕግ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ርግጫ 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ሰውነት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ቡጢ 1። ኃይልህን መቆጣጠር ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የከባድ ሚዛን ፍጻሜ ላይ የሳዑዲው ታሬግ ሀመዲ 4 ለ 1 እየመራ ነበር። ኢራናዊውን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ጭንቅላቱ ላይ ረግጦ ጣለው። ጋንጅዛዴ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ። ወርቁን ያገኘው ግን እሱ ነው፤ ሀመዲ ከመጠን ያለፈ ምት መትተሃል ተብሎ ከጨዋታው ወጣ። ለስፖርት ትክክለኛ ሕግ ነው፤ የሰው ሕይወት ይጠብቃል። ያ ሕግ ለዓመታት የቀረጸው ሰውነት ግን ማታ አንገቱ ሲያዝ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

ይህችን ምሳሌ የምትመስል እኅት አለቻት፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። እሷም ስለ መታጠቅ ናት። በጥድፊያ የታሰረ መታጠቂያ በጭንቅ ሰዓት ይለቃል። ልዩነታቸው ይታየኛል። እኅትየው አስተሳሰሩን ነው የምትወቅሰው። የእኛዋ ከማሰሩ በፊት ምን ነበረ ብላ ትጠይቃለች። ለካራቴ ተማሪ ሁለቱም ይሠሩለታል።

አሁን መማር የምንለው ነገር ሰፍቷል። ክንድ አንገት ላይ ሲመጣ መጀመሪያ አገጭን ወደ ደረት መቅበር፣ በሁለት እጅ ክንዱን ወደ ታች መሳብ፣ ወደ ክርኑ በኩል መዞር። ሲለቅህ መሮጥ። «ሌባ! ሌባ!» ብሎ መጮኽ። ከሁሉም በፊት ስልክን መንገድ ላይ አለማውጣት። አሰልጣኛችን ሕጉንም ያስተምሩናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ ነው። የወደቀን ሰው መደብደብ መከላከል አይደለም። ፉናኮሺ «በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም» ያለውን ከዚህ አንቀጽ ጋር አያይዘው ሲያስረዱን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሐሙስ ሐሙስ ቀበቶ አይታሰርም። በጂንስ፣ በጃኬት፣ በመንገድ ጫማችን ነው የምንሠራው። አንዳንዴ መብራቱን አደብዝዘው በጠባቡ ደረጃ ላይ ያሠሩናል። ባለፈው ሐሙስ አንድ አዲስ ልጅ መጣ፤ 15 ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ፣ ቢጫ ቀበቶ መቼ ነው የማገኘው?» ብሎ ጠየቃቸው። አልተቆጡትም። ጎንበስ ብለው ኮሌታቸውን አቀረቡለት።

«መጀመሪያ ያዘኝ» አሉት።