ማክዳውል፦ የዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል አገር

ማክዳውል በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ ጫፍ ላይ ያለች ካውንቲ ናት። ስፋቷ 1,386 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ትመስላለች፤ ሜዳ የሚባል ነገር ግን የላትም ማለት ይቻላል። የአፓላቺያን ተራሮች ተጠጋግተው ቆመዋል። በመካከላቸው ጠባብ ሸለቆ አለ። ወንዙ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ መንገዱና አንድ መደዳ ቤት በዚያች ሸለቆ ተጣበው ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ዋና ከተማዋ ዌልች፣ ኤልክሆርን የሚባለው ጅረት ከታግ ፎርክ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች።

ሰዉ ሁሉ የሰፈረው ወንዝ ዳር ስለሆነ ጎርፍ ሲመጣ መሸሻ የለውም። በ2001 እና በ2002 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ የመጡት ጎርፎች ብዙ ቤት ጠርገዋል። በየካቲት 2025ም ሌላ ጎርፍ የሰው ሕይወት ወስዷል።

ካውንቲዋ የተመሠረተችው በ1858 ነው፤ ያኔ ቦታው ገና የቨርጂኒያ ግዛት ነበር። ስሟን ያገኘችው ጄምስ ማክዳውል ከሚባል የቨርጂኒያ ገዥ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ በ1863፣ ዌስት ቨርጂኒያ ራሷን ችላ ግዛት ስትሆን ማክዳውልም አብራ ሄደች። በ1880 የነዋሪው ቁጥር 3,074 ብቻ ነበር። በየሸለቆው ተበታትኖ የሚያርስና የሚያድን ሕዝብ ነው።

ከእግራቸው ሥር ያለው ከሰል ግን ተራ ከሰል አልነበረም። ፖካሆንታስ ቁጥር 3 የሚባለው ንጣፍ ሲነድ ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው። ለብረት ማቅለጫ የሚሆን፣ ኮክ የሚባል ከከሰል የሚሠራ ማገዶ ይወጣዋል፤ የጦር መርከቦችም ይፈልጉት ነበር። ችግሩ ማውጫ መንገድ አለመኖሩ ነበር። በ1888 የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ባቡር ተራራውን ሰንጥቆ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሕዝቡ በ1900 ወደ 18,747 አደገ፤ በ1950 ደግሞ 98,887 ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ግዛቶች መጡ። ከጣሊያን፣ ከሃንጋሪና ከፖላንድ ደግሞ ገና እንግሊዝኛ ያልለመዱ ስደተኞች ደረሱ። ከሰል ጫኝ የሚከፈለው በጫነው ቶን ልክ ስለነበር፣ ጥቁሩም ነጩም ለአንድ ቶን እኩል ያገኝ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በቀለም የተከፋፈለ ቢሆንም ጥቁሮች ድምፅ መስጠት ይችሉ ነበር፤ በድምፃቸውም ተጠቅመውበታል። ሚኒ በኪንግሃም ሃርፐር የምትባል የማክዳውል ሴት በ1928 የሟች ባሏን ወንበር ተክታ የግዛቱ ምክር ቤት ገባች። በአሜሪካ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። በዚያው ዓመት ኪምቦል በምትባለው ከተማ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ጥቁር ወታደሮች የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። ሕንፃው ዛሬም አለ።

ኑሮው ግን በከሰል ኩባንያው እጅ ነበር። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሐኪሙም የኩባንያው ናቸው። ብዙ ቦታ ሠራተኛው በኩባንያው ሱቅ ብቻ የሚሠራ ሳንቲም ይሰጠው ነበር፤ ስክሪፕ ይሉታል። አድማ የመታ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ከነልጆቹና ከነዕቃው ከቤት ይባረራል።

የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የተደረገው ትግል ደም ያፈሰሰው ለዚህ ነው። በአጎራባቿ ሚንጎ ካውንቲ፣ ሲድ ሃትፊልድ የሚባል የሜትዋን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ከሠራተኞቹ ጎን ቆመ። በግንቦት 1920 ሠራተኞችን ከቤት ሊያባርሩ ከመጡ የኩባንያ ቅጥር ታጣቂዎች ጋር ተታኩሶ 10 ሰው ሞተ። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ክስ ዌልች ፍርድ ቤት ተጠራ። ነሐሴ 1 ቀን 1921 ከጓደኛው ኤድ ቻምበርስ ጋር፣ ሚስቶቻቸውን ይዘው፣ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ታጣቂዎቹ ተኩሰው ሁለቱንም ገደሏቸው። መሣሪያ አልያዙም ነበር። ገዳዮቹ ነፃ ተለቀቁ። የማክዳውልን ታሪክ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ደረጃ ነው የማሳየው። ወሬው በየማዕድኑ ሲዳረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ጠመንጃ አንስተው ዘመቱ፤ በብሌር ተራራ የተካሄደው ውጊያ የቆመው የፌዴራል ጦር ገብቶ ነው።

ከመሬት በታችም ሞት አልቀረም። በጥር 1940 ባርትሊ በሚባለው ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 91 ሰዎች አለቁ። ከዋሻው በሰላም የወጣውንም ቢሆን የከሰሉ ብናኝ ሳንባውን ይዞት ይቀራል። በሽታውን ጥቁር ሳንባ ይሉታል፤ ስንቱን አባወራ ትንፋሽ አሳጥቶ በቁሙ ገድሎታል።

ከ1950 በኋላ ማሽን የሰውን ቦታ ወሰደ። በ10 ዓመት ውስጥ ከ27,000 በላይ ሰው ቀነሰ። ኬኔዲ በ1960 ለምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ ረሃብን በዓይኑ አየ። ዛሬ አሜሪካ ያለ አበሻ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለችግረኞች የሚሰጠው የምግብ መግዣ እርዳታ)፣ እንደገና ሲጀመር ግንቦት 29 ቀን 1961 የመጀመሪያው የተሰጠው እዚሁ ማክዳውል ላለ የ15 ሰው ቤተሰብ ነው። አገሪቱን በብረት የገነባ አካባቢ የእርዳታ ምግብ የመጀመሪያው ተቀባይ መሆኑ ያንገበግባል። ከሰሉ ሲወጣ ትርፉም አብሮት ወደ ባለቤቶቹ ከተሞች ይሄድ ነበር።

በቴሌቪዥን የምናውቀው ስቲቭ ሃርቪ በ1957 የተወለደው ዌልች ነው፤ አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እሱ ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ እንደብዙዎቹ ወደ ክሊቭላንድ ሄደ። ዩኤስ ስቲል የተባለው የብረት ኩባንያ በ1986 ጌሪ በምትባለው የማክዳውል ከተማ የሚገኙትን ማዕድኖቹን ዘጋ። በ2016 ኪምቦል ያለው ዋልማርት ሲዘጋም ሰዉ ትኩስ አትክልት ለመግዛት ተራራ አቋርጦ የሚነዳ ሆነ። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስም ብዙ ወጣት ቀጥፏል። በ2020 ቆጠራ የቀረው ሕዝብ 19,111 ነው።

አሁን አዳዲስ እንግዶች አሉ። በየተራራው በተዘረጋው የሃትፊልድ–ማኮይ መንገድ ባለአራት ጎማ ሞተር ለመንዳት ከሩቅ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ነዋሪም ቤቱን እያከራየ ይኖራል። ከሰሉም አላለቀም። ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው ዛሬም ይቆፈራል፤ ባቡሩ ጭኖት በዚያችው ጠባብ ሸለቆ በኩል ወደ ባሕር ወደብ ይወርዳል።